ከትከሻ ሥር ያለው ጠባብ መንገድ፦ የስፖርተኞችን ክንድ የመመርመር ታሪክ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 1980 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተካሄደው የአሜሪካ ቤዝቦል የኮከቦች ግጥሚያ የናሽናል ሊግን ቡድን ወክሎ ውርወራውን የጀመረው ጄምስ ሮድኒ ሪቻርድ ነበር። የሂዩስተን አስትሮስ ወርዋሪ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር፣ ዕድሜው 30 ዓመት፤ ኳሷ ከእጁ ስትወጣ በሰዓት ወደ 160 ኪሎ ሜትር ትከንፋለች። በቀደመው የውድድር ዘመን 313 ጊዜ መቺዎችን ባዶ እጃቸውን መልሷል። ቤዝቦልን ለማያውቅ አንባቢ ወርዋሪ ማለት ከ20 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ዱላ ከያዘ ባላጋራ ጋር ፊት ለፊት የሚፋጠጥ፣ የቡድኑ ዕጣ በአንድ ክንዱ ላይ የተንጠለጠለ ተጫዋች ነው። ሪቻርድ በዚያ ምሽት ሁለት ዙር ብቻ ወርውሮ ወጣ። ለሳምንታት ሲናገር የነበረውም አልተለወጠም፤ ክንዱ ቶሎ ይዝላል፣ ይከብደዋል፣ «ይሞትበታል»።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በቡድኑ ስታዲየም ውስጥ ሲያሟሙቅ ወደቀ።

የጣለው ሕመም አዲስ አልነበረም። ሐኪሞች ከ150 ዓመት በላይ ሲጽፉበት ቆይተዋል። አንድ የታወቀ ሕመም የአገሩን ምርጥ ሐኪሞች ማየት በሚችል ሰው ላይ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? የዚህ ምርመራ ታሪክ ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልሱም ከሪቻርድ ክንድ ብዙ ርቆ ይጀምራል።

አስቀድሞ ቦታውን ማወቅ ይበጃል። አንባቢ ጣቱን ከጉሮሮው ሥር ወደ ትከሻው በሚዘረጋው አግዳሚ አጥንት ላይ ያሳርፍ። ሐኪሞች ክላቪክል የሚሉት ይህ ነው። ከእርሱ ሥር የመጀመሪያው ጎድን አለ። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ክንድ የሚሄደውና ከክንድ የሚመለሰው ሁሉ ያልፋል፦ ደም ወደ እጅ የሚወስደው ደም ቅዳ፣ ያንኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ፣ ከአንገት አከርካሪ ተነሥተው እስከ ጣት ጫፍ የሚደርሱት ነርቮች። ስኬሊን የሚባሉት የአንገት ጡንቻዎችም ወርደው እዚያው ላይ ይተከላሉ፤ ደም ቅዳውና ነርቮቹ በእነርሱ መካከል ይሾልካሉ፣ ደም መልሱ ደግሞ ከፊታቸው ያልፋል። ክንድ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲሳብ ይህ ክፍተት ይጠባል። በአብዛኛው ሰው ላይ የሚያመጣው ችግር የለም። ወርዋሪው፣ ዋናተኛው፣ መረብ ኳስ ተጫዋቹ፣ ክብደት አንሺው ግን ክንዱን ከራሱ በላይ እያነሣ ነው የሚያድገው፤ የአንገትና የትከሻ ጡንቻው ይወፍራል፣ መንገዱም ይብስ ይጠባል። ነርቭ ከተጫነ መደንዘዝና መዛል፣ ደም መልስ ከተጫነ እብጠት፣ ደም ቅዳ ከተጫነ ደግሞ የእጅ መቀዝቀዝና መገርጣት ይመጣል።

የድሮ ሐኪሞች ይህን ሁሉ አንድ ላይ አላዩትም። እያንዳንዱ ዘመን ያየው መሣሪያው ያሳየውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የታየው አጥንት ነበር። አንዳንድ ሰው ከአንገቱ የመጨረሻ አከርካሪ ላይ የበቀለ ትርፍ ጎድን ይዞ እንደሚወለድ በ2ኛው መቶ ዘመን ጋለን፣ በ16ኛው ደግሞ ቬሳልየስ ጽፈዋል። ትርፉ ጎድን የክንድን ደም ሊያግድ እንደሚችል በ1821 ያስረዳው የለንደኑ ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር ነው። በ1861 እዚያው ለንደን፣ በቅዱስ በርቶሎሜዎስ ሆስፒታል፣ ሆምስ ኩት የሚባል ቀዶ ሐኪም ከአንዲት ወጣት ሴት አንገት ላይ ይህን አጥንት ቆርጦ አወጣ። ራጅ አልነበረም፤ ያኔ የሐኪሙ መመርመሪያ ዓይኑና ጣቱ ነበር። ከአንገቷ ጎን በእጁ የዳሰሰውን ጠጣር ነገር፣ የእጇን ሁኔታና የደም ሥሯን ምት አገናዝቦ ነው ቢላዋ ያነሣው። ያ ድፍረት ዛሬም ያስደንቃል።

ራጅ በ1895 ሲገኝ ትርፉን ጎድን ማየት ቀላል ሆነ። ግን የራሱንም መዘዝ ይዞ መጣ፤ ሐኪሙ በፊልሙ ላይ አጥንት ካየ በሽታው እሱ ነው ይላል፣ ካላየ ደግሞ በሽተኛውን ደህና ነህ ብሎ ይሸኛል። ትርፍ ጎድን ያለው ከ100 ሰው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ካላቸውም አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን አይታመሙም። በአንጻሩ ክንዳቸው የሚደነዝዝባቸው ብዙ ሰዎች ትርፍ አጥንት የላቸውም። በ1910 አውስትራሊያ ውስጥ ቶማስ መርፊ ሁሉም ሰው ያለውን ጤነኛውን የመጀመሪያ ጎድን ቆርጦ ሲያወጣና በሽተኛው ሲሻለው፣ ጥፋቱ በትርፍ አጥንት ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ከጆንስ ሆፕኪንስ የመጣው ሥራ ብዙም የማይነሣ፣ ነገር ግን ለዚህ ታሪክ ቁልፍ የሆነ ነው። ዊልያም ሃልስተድ የውሾችን ደም ቅዳ በጥብጣብ በከፊል አጥብቦ ምን እንደሚሆን ተከታተለ። ደም ቅዳው ያበጠው በተጠበበበት ቦታ ሳይሆን ከዚያ አልፎ ነበር። በሰውም ላይ እንደዚሁ ነው፤ ጎድንና ክላቪክል የሚቆነጥጡት ደም ቅዳ ከመቆንጠጫው ወዲያ ይለጠጣል፣ በተለጠጠው ቦታ ደም ይዞራል፣ ይረጋል። የረጋው ደም እየተቆራረሰ ወደ ጣቶች ይወርዳል። እጁ የቀዘቀዘበት ወጣት ጣቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ይዞ ሲመጣ፣ ምንጩ ከጣቱ ብዙ ርቆ፣ ከትከሻው ሥር ነው።

የደም መልሱ ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1875 ለንደን ውስጥ ጄምስ ፓጄት በድንገት አብጦ የሚያም ክንድ አይቶ ጻፈ፤ እርሱ ሪህ መስሎት ነበር። በ1884 ቪየና ውስጥ ሌዎፖልድ ፎን ሽሮተር ጡንቻ ተወጥሮ የደም መልሱን ግድግዳ ሲጎዳ ደም እንደሚረጋ አስረዳ፤ ትክክለኛው እርሱ ነበር። በ1949 ሂዩዝ የሚባል ቀዶ ሐኪም ከየቦታው 320 ታማሚዎችን ሰብስቦ በሁለቱ ስም ጠራው። ይህ ከሁሉ ይልቅ የጤነኛ ወጣቶች ሕመም ነው። ዋናተኛው ወይም ክብደት አንሺው ማታ ከልምምድ ይመለሳል፤ ጠዋት ሲነሣ አንድ ክንዱ አብጦ፣ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ፣ ከብብቱ በላይ ደግሞ የደም ሥሮቹ ተገትረው ያገኛቸዋል።

ከ1920ዎቹ ጀምሮ ጥርጣሬው ከአጥንት ወደ ጡንቻ ዞረ። በ1927 በሜዮ ክሊኒክ አልፍሬድ አድሰን ከባልደረባው ከኮፊ ጋር ትርፉን ጎድን ትቶ የፊተኛውን ስኬሊን ጡንቻ ብቻ ቆረጠ። በስሙ የሚጠራውም ምርመራ እስከ ዛሬ ድረስ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ሐኪሙ የታማሚውን የእጅ አንጓ ይዞ ምቱን ያዳምጣል፤ ታማሚው ቀና ብሎ አየር ስቦ ይይዝና ፊቱን ወደ ታመመው ጎን ያዞራል። ምቱ ከጠፋ ጡንቻው ደም ቅዳውን ተጭኖታል ማለት ነው። በ1935 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኦክስነር፣ ጌጅና ደበኪ ይህንኑ የጡንቻ ሕመም ሰፋ አድርገው ጻፉ። ከሦስቱ ወጣቱ ማይክል ደበኪ ኋላ በልብና በደም ሥር ቀዶ ሕክምና ዓለም ያወቀው ሰው ነው። በ1948 ወደ ሂዩስተን ሄዶ ዕድሜውን እዚያ ፈጸመ፤ የሪቻርድ ክንድ የተመረመረውም በዚያችው ከተማ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌላ ዕውቀት ጨመረ። በ1943 ፋልኮነርና ዌደል ከባድ የጀርባ ሻንጣ ተሸክመው ትከሻቸውን ወደ ኋላና ወደ ታች የሚገፉ ወታደሮች እጃቸው እንደሚደነዝዝ አይተው፣ መቆንጠጫው ክላቪክልና ጎድን ራሳቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳዩ። በ1945 ኒው ዮርክ ውስጥ ኧርቪንግ ራይት ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አድርገው የሚተኙና የሚሠሩ ሰዎችን መረመረ። ጤነኛ ወጣቶችንም ጨምሮ ሲፈትሽ ግን ክንድ ሲነሣ ምት መጥፋቱ በአብዛኞቹ ላይ ታየ። ይህ ሊዘለል የማይገባው ነጥብ ነው። የጠፋ ምት ብቻውን ሕመም አይደለም፤ የተገኘ ምትም ጤና አይደለም። እነዚህ ምርመራዎች አንዳንዱን ጤነኛ በሽተኛ፣ አንዳንዱንም በሽተኛ ጤነኛ አሰኝተዋል።

በ1956 ከሜዮ ክሊኒክ የወጣ ጽሑፍ እነዚህን የተበታተኑ ስሞች ሁሉ «ቶራሲክ አውትሌት ሲንድሮም» በሚል አንድ ስም ሰበሰባቸው። መጠቅለሉ ጠቀመ፤ ጎዳም። ከ100 ታማሚዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት የነርቭ ናቸው፤ የደም መልሱ ጥቂት ነው፣ የደም ቅዳው ደግሞ ወደ 1 በመቶ ይሆናል። ሦስቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ቀርፋፋውና አጣዳፊው ተደባለቁ። በ1966 ዴንቨር ላይ ዴቪድ ሩስ በብብት በኩል ገብቶ የመጀመሪያውን ጎድን የሚያወጣበትን ዘዴ ሲያሳውቅ ቀዶ ሕክምናው ተስፋፋ። በ1980ዎቹ የነርቭ ሐኪሞች ተቆጡ፤ በኤሌክትሪክ የነርቭ ምርመራ ምንም ያልታየባቸው ሰዎች ይቆረጣሉ፣ አንዳንዶቹም ነርቫቸው ተጎድቶ ይወጣሉ አሉ። ቀዶ ሐኪሞቹ ደግሞ ክንድ አርፎ ሲመረመር ነርቩ ደህና ቢመስልም ችግሩ ክንድ ሲነሣ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም ጨርሶ አልበረደም። ሁለቱም ወገን ግን በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ የደም ቅዳው ዓይነት እውነተኛና አደገኛ ነው።

ሪቻርድን የያዘው ያ ነበር።

በጁን 1980 ክንዱ መዛል ሲጀምር በስታቲስቲክስ የሕይወቱ ምርጥ ዓመት ላይ ነበር፤ 10 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ ብቻ ተሸንፏል። እንዲህ የሚወረውር ሰው ታምሜያለሁ ሲል ማን ያምነዋል? ጋዜጦች ሰነፍ ነው ብለው ጻፉ። ገንዘብ ፈልጎ ነው ያሉ ነበሩ፤ በቀደመው ዓመት መጨረሻ ቡድኑ ኖላን ራያንን በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ አስፈርሞ ነበርና ቅናት ነው ተባለ። ጥቁር ባይሆን ኖሮ እንዲህ ባልተጠረጠረ ያሉም ብዙዎች ናቸው። በጁላይ 14 የመጨረሻ ጨዋታውን ሲጫወት የባልደረባውን የእጅ ምልክት ማየት አቃተው፣ ጣቶቹም አልታዘዝ አሉት። ከዚያ በኋላ ነው ሆስፒታል የገባው። የተመረመረው አካሉ ብቻ አልነበረም፤ አእምሮውም ተመረመረ።

በጁላይ 25 በደም ሥሩ ቀለም ሰጥተው ራጅ አነሡት። ወደ ቀኝ ክንዱ የሚሄደው ደም ቅዳ ተዘግቶ ተገኘ። የግራ ክንዱ የደም ግፊት ደህና ነበር፤ የቀኙ ግን ከሞላ ጎደል የለም። አሁን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የዚያን ጊዜ ሐኪሞች ግን ወደ አንጎል የሚወጡት የአንገት ደም ሥሮች ደህና መሆናቸውን አይተው አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም ብለው ለቀቁት፤ በመጠኑ እንዲለማመድም ተፈቀደለት። በጁላይ 30 አከርካሪ በእጁ የሚያሽ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ አንገቱ ተጠመዘዘለት። በዚያው ቀን ስታዲየም ውስጥ ቀለል አድርጎ ኳስ ሲቀባበል ራሱን አመመው፣ ጆሮው ውስጥ ስል ድምፅ ጮኸ፣ ግራ ጎኑ ዛለ። ወደቀ። ስትሮክ ነበር።

የቀኝ ክንድ ሕመም እንዴት አንጎል ደረሰ? በቀኝ በኩል ወደ ክንድና ወደ አንጎል የሚሄዱት ደም ቅዳዎች ከአንድ ግንድ ነው የሚነሡት። በክንዱ በኩል የተከማቸው የረጋ ደም ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ሲዘጋ ወደ ኋላ አደገ፤ ከዚያ ተቆርሶ ወደ አንገት ወጣ። የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ፊልድስና ባልደረቦቹ በ1986 በአሜሪካ የራጅ ሐኪሞች መጽሔት ላይ ይህን ደረጃ በደረጃ አስረዱ። በክላቪክልና በመጀመሪያው ጎድን መካከል የተቆነጠጠው ደም ቅዳ በእያንዳንዱ ውርወራ ሲታሽ ኖሯል። ሃልስተድ በውሾች ላይ ካየው 64 ዓመት አልፎ ነበር።

ሪቻርድ በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ሕይወቱ ተረፈ፤ በትልቁ ሊግ ግን ዳግመኛ አልወረወረም። ክስ መሥርቶ በ1.2 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። በ1990ዎቹ ግን ቤቱንና ገንዘቡን አጥቶ ሂዩስተን ውስጥ በድልድይ ሥር ያድር ነበር። ኋላ ተነሥቶ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ኖረ፤ በ2021 በ71 ዓመቱ አረፈ።

ከእርሱ በኋላ ሐኪሞች ጥያቄያቸውን ለወጡ። በ1996 የኒው ዮርክ ያንኪስ ወርዋሪ ዴቪድ ኮን ጣቶቹ ሲቀዘቅዙበት ሕመሙ ተፈልጎ በትከሻው ያለው ደም ቅዳ አብጦ ተገኘ። በሜይ ወር ያበጠው ተቆርጦ ከእግሩ በተወሰደ የደም ሥር ተተካ። በሴፕቴምበር 2 ወደ ሜዳ ተመልሶ ሰባት ዙር አንድም መቺ በትክክል ሳይመታበት ወረወረ። ሁለቱን ሰዎች የለያቸው ዋናው ነገር ጊዜው ነው፤ የኮን ሕመም ወደ አንጎል ሳይወጣ ተያዘ፣ የሪቻርድ ግን ከወጣ በኋላ።

የነርቩ ዓይነት ግን አሁንም ወጣቶችን ለጥርጣሬ ይዳርጋል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማርኬል ፉልትዝ በ2017 በ19 ዓመቱ በአሜሪካ ሊግ ምልመላ ቀዳሚ ተመራጭ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኳስ መጣል እንደ ረሳ ሰው ሆነ፤ ከነጻ ውርወራ መስመር ላይ ክንዱ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ኳሷ ትንገዳገዳለች። ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ፣ ተሳቀበት፤ ፈርቶ ነው፣ ጭንቅላቱ ነው ተባለ። በዲሴምበር 2018 የነርቭ ቶራሲክ አውትሌት ሲንድሮም እንደሆነ ተነገረ። ቀዶ ሕክምና አላስፈለገውም፤ የአንገትና የትከሻ ጡንቻ ሕክምናና ልምምድ ተሰጠው፤ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ለኦርላንዶ ቡድን 72 ጨዋታ ተጫወተ። ያ ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ የተሸከመው ነቀፋ ከሕመሙ የሚያንስ አይመስልም።

አሁን አንድ ጥሩ ሐኪም ወጣት ስፖርተኛን ሲመረምር የሚያደርገው ከመቶ ዓመቱ ሙከራ የተጣራ ነው። መጀመሪያ ሕመሙ መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃል፤ ክንድ ሲነሣ ነው ወይስ አርፎም? ሸሚዙን አስወልቆ ሁለቱን ክንዶች ጎን ለጎን ያያል፤ መልካቸውን፣ ውፍረታቸውን፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ሟሽሾ እንደሆነ። የሁለቱንም ክንድ የደም ግፊት ይለካል። ከዚያ የሩስ ምርመራ ይመጣል፦ ታማሚው እጁን እንደሚማረክ ሰው ወደ ላይ አንሥቶ ለሦስት ደቂቃ ጣቶቹን ይጨብጣል፣ ይዘረጋል። ጤነኛው ይደክመዋል እንጂ ይዘልቃል፤ ታማሚው ደቂቃ ሳይሞላ ክንዱ ሊከብደውና ሊወድቅ ይችላል። አልትራሳውንድ ክንድ አርፎና ተነሥቶ የደሙን ፍጥነት ያወዳድራል፤ የደረትና የአንገት ራጅ ትርፍ ጎድን ይፈልጋል። የነርቩ ዓይነት ሲጠረጠር በስኬሊን ጡንቻ ውስጥ ማደንዘዣ ይወጋና ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ይለቅ እንደሆነ ይታያል። የአንገት ዲስክና የእጅ አንጓ ነርቭ መጨነቅ ተመሳሳይ ስሜት ስለሚሰጡ እነርሱም መጣራት አለባቸው።

በኢትዮጵያ የስፖርት ዓይናችን በሯጭ እግር ላይ ስለሆነ ክንድ ብዙ አይወራለትም። ግን በየትምህርት ቤቱና በየክለቡ መረብ ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ ቦክስና ክብደት ማንሣት አለ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉ ልጆቻችንም በየትምህርት ቤታቸው ይዋኛሉ፣ ይወረውራሉ። ተጫዋች ሲጎዳ መጀመሪያ የሚደርስለት ወጌሻው ነው። ለወለምታና ለጡንቻ መሸማቀቅ እጁ ባለውለታ ነው። በድንገት ያበጠና መልኩን የለወጠ ክንድ ግን መታሸት የለበትም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና። ጣቶቹ የገረጡና የቀዘቀዙ ልጅም ሙቅ ውሃና ቅባት ሳይሆን በዚያው ቀን የደም ሥር ምርመራ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ አሠልጣኝ፣ ወጌሻና ወላጅ ሆይ፣ ልጁ ክንዴ ይሞትብኛል ሲል ሁለቱን እጆቹን ያዙና አወዳድሩ፤ ክንዱን አስነሥታችሁም እንደገና እዩ። የደም መልስ መርጋት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከተገኘ በመድኃኒት የመሟሟት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሉ በፍጥነት ይቀንሳል።